ወረቀቱን ፈርሜያለሁ፤ ሞተሩ ግን ይንቀጠቀጣል

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። 27 ዓመቴ ነው፤ ትዳርም ልጅም የለኝም። ማታ ማታ ታክሲ እየነዳሁ ባጠራቀምኩት ገንዘብ እዚሁ ቨርጂኒያ ያለ ትንሽ የበረራ ትምህርት ቤት ገብቼ 9,000 ዶላር በቅድሚያ ከፍያለሁ። የመጀመሪያ ቀን «ብጎዳም ብሞትም እኔም ቤተሰቤም አንከስም» የሚል ወረቀት አስፈረሙኝ። ባለፈው ሳምንት ከመነሳታችን በፊት የምንማርበትን ትንሽ አውሮፕላን፣ የሴስና 172ቱን፣ ሞተር ስንፈትሽ ተንቀጠቀጠ። አሠልጣኜ «አየር ላይ ይጠራል» አለኝና ተነሳን። በሰላም ተመለስን። በቅርቡ ብቻዬን እንደምበርም ነግሮኛል። አንድ ነገር ብሆን ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ መብት አላት? ባቋርጥስ ገንዘቤን ያስቀሩብኛል?

መልስ፦ ወረቀቱን በመፈረምዎ ብዙም አይጨነቁ። ጉዳት ሳይደርስ አስቀድሞ የመክሰስን መብት የሚያስቀር ውል፣ ጉዳዩ የአካል ጉዳት ከሆነ፣ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች አይቀበሉትም። አቋሙ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር ክሶች ጀምሮ የቆየ ነው። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 (እ.ኤ.አ.) ሲያጸናው ከሳሹ በስፖርት ውድድር ላይ ሐይቅ ውስጥ ጠልቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሽባ የሆነ ሰው ነበር። ፈርሞ ነበር፤ ፊርማው ግን ክሱን አላስቀረበትም።

የፖቶማክን ወንዝ ወደ ሜሪላንድ ሲሻገሩ ነገሩ ይገለበጣል። ሜሪላንድ እንዲህ ያለውን ወረቀት በአብዛኛው ታጸናለች። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ደግሞ በጉዳት ክስ የሚከተሉት ጉዳቱ የደረሰበትን ቦታ ሕግ ነው። ለልምምድ ወደ ሜሪላንድ የሚያስበሩዎት ከሆነ ወይም ውሉ ላይ «በሜሪላንድ ሕግ ይዳኛል» የሚል መስመር ካለ፣ ውሉን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሞተሩ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ተጎጂው ለደረሰበት አደጋ በራሱ ቸልተኝነት ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ፣ በመርህ ደረጃ ካሳው አይቀነስበትም፤ ጭራሹን ይቀርበታል። በሌሎች ብዙ ስቴቶች ጥፋቱ በመቶኛ ይከፋፈላል፤ እዚህ የለም። ሌላው ወገን ሆን ብሎ ወይም ፍጹም ግድየለሽ ሆኖ ካልተገኘ በቀር ደንቡ ጨካኝ ነው። አደጋውን አውቆ የገባበት ሰው ደግሞ ሌላ መከራከሪያም ይጠብቀዋል። ስለዚህ የእርስዎን መብት ሊያጠፋው የሚችለው የፈረሙት ወረቀት ሳይሆን «ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ግን በረርኩ» የሚለው ቃልዎ ነው።

ታክሲ ነጂ ነዎትና ካንዴላ ሲቆሽሽ ሞተር ምን እንደሚል ለእርስዎ አልነግርም። ቁልፉን ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚሰጡት ሁለት ማግኔቶዎች ወደ አንዱ ሲያዞሩት የሞተሩ ዙር መውረዱ ያለ ነው። 172ኤን በተባለው የሴስና 172 ሞዴል መመሪያ ግን ፍተሻው በደቂቃ በ1,700 ዙር ተደርጎ ቅናሹ ከ125፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከ50 መብለጥ የለበትም። የቆሸሸ ካንዴላ ከሆነ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ ቀንሶ መሬት ላይ እያሉ ለማጥራት ይሞከራል፤ ካልጠራ ወደ ማቆሚያው መመለስ ነው። «አየር ላይ ይጠራል» የሚል መመሪያ እኔ አላየሁም።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊው አብራሪ አሠልጣኙ ነበር፤ ተጠያቂነቱም በዋናነት የሱ ነው። ብቻዎን የሚነሱ ቀን ግን፣ ሃያ ሰዓት ብቻ ቢበሩም፣ በፌዴራል ደንብ አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ መሆኑን የሚወስኑት እርስዎ ይሆናሉ። ከዚያ በፊት የጽሑፍ ፈተና መውሰድ አለብዎት፤ አሠልጣኙም ሎግቡክዎ (የበረራ መዝገብዎ) ላይ ፈርሞ መፍቀድ አለበት፤ ፊርማው የሚያገለግለው ለ90 ቀን ነው። ፈተናው ተዘሎ ከተፈረመልዎ ሎግቡኩን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ትምህርት ቤቱ አውሮፕላኑንም አሠልጣኙንም እያቀረበ የሚያስከፍል ስለሆነ፣ ከዓመታዊው ምርመራ ሌላ በየ100 የበረራ ሰዓቱ ማስመርመር ግዴታው ነው። «የጥገና መዝገቡን አሳዩኝ» ማለት ነውር አይደለም። የሚቆጡ ከሆነ ቁጣቸው ራሱ መልስ ነው።

እናትዎ መብት አላቸው። ትዳርም ልጅም የሌለው ሰው ሲሞት በቨርጂኒያ የሞት ካሳ ተጠቃሚዎቹ ወላጆችና እኅት ወንድሞች ናቸው። ክሱን የሚያቀርበው ግን በፍርድ ቤት የተሾመ የሟች ወኪል ነው፤ ከሞቱ ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ኑዛዜ ጽፈው እዚህ ያለ የሚያምኑትን ሰው ይሰይሙ። የሕይወት ኢንሹራንስ ካለዎትም ውሉን ያንብቡ፤ ተማሪ አብራሪን የማይሸፍኑ ብዙ ናቸው። (ዕድርዎ ይህን አይጠይቅም፤ ኢንሹራንስ ግን ይጠይቃል።) የትምህርት ቤቱ ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ትምህርት ቤቱን ነው፤ ለተሰበረው አውሮፕላን ከፍሎ ሲያበቃ በትምህርት ቤቱ እግር ተተክቶ እርስዎን ሊጠይቅ ይችላል። ብቻዎን ከመብረርዎ በፊት የተከራይ አብራሪ ኢንሹራንስ ይግዙ።

አምራቹን መክሰስ ብዙም ተስፋ የለውም፤ በ1994 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ20 መቀመጫ በታች ያላቸውን አነስተኛ አውሮፕላኖች አምራቾች ከ18 ዓመት በኋላ ከክስ ይጠብቃል፤ በትምህርት ቤት የሚያገለግሉት ሴስናዎች ብዙዎቹ ደግሞ ከዚያ በላይ ያረጁ ናቸው።

ስለ 9,000 ዶላሩ፣ መጀመሪያ የውሉን የተመላሽ አንቀጽ ይመልከቱ። ጉድለት በታየበት አውሮፕላን አልበርም ማለት ትምህርት ማቋረጥ አይደለም፤ ሌላ አውሮፕላን ወይም ጥገና መጠየቅ ነው። ሁለቱንም እምቢ ካሉና ያልበረሩበትን ገንዘብ ካልመለሱ አነስ ያሉ የገንዘብ ክሶችን ወደሚያየው የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት፣ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት፣ መሄድ ይችላሉ። ዛሬውኑ በኢሜይል፣ በእንግሊዝኛ፣ በሁለት መስመር ይጻፉላቸው፦ ቀኑን፣ የአውሮፕላኑን ቁጥር፣ በፍተሻው ያዩትን፣ ተጠግኖ መዝገቡ ላይ እስኪሰፍር በሱ እንደማይበሩ። ይህን ጽፈው በማግስቱ እዚያው አውሮፕላን ላይ ከወጡ ግን ኢሜይሉ ማስረጃ የሚሆነው ለእነሱ ጠበቃ ነው።