የአሜሪካን የወተት ማስታወቂያ የሚከፍለው ማን ነው?

ለጥናት ወረቀትህ የዚህ ማስታወቂያ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣና ገበሬው አትርፎበት እንደሆነ ጠይቀኸኛል። ከግብር አይደለም። ገንዘቡ በዋናነት የሚመጣው ከገበሬው ኪስ ነው። በ1983 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ መሠረት ከሚሸጠው እያንዳንዱ 100 ፓውንድ ወተት 15 ሳንቲም የማስታወቂያ መዋጮ ይቆረጥበታል። አልፈልግም ማለት አይችልም። የግብርና ሚኒስቴሩ ደግሞ ማስታወቂያውን ይቆጣጠራል። «የመንግሥት ማስታወቂያ» የሚባለውም ለዚህ ነው። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተመሳሳይ መዋጮ የሚሠራውን የበሬ ሥጋ ማስታወቂያ የመንግሥት ንግግር ነው ብሎ ወስኗል።

ገበሬው አተረፈ ወይ ላልከው፣ መጀመሪያ ላይ አዎ። ፍላጎት ሲጨምር ዋጋ ከፍ ይላል። ግን ዋጋው ጥሩ ሲሆን ሁሉም ላም ይጨምራል፣ ወተቱ ይበዛል፣ ዋጋውም ተመልሶ ይወርዳል። የአሳማ ሥጋ አምራቹም በራሱ መዋጮ ያስተዋውቃል፤ አንዱ ያገኘውን ገዢ ሌላው ያጣዋል።

የጤናው ጉዳይ ግን በጣም ያሳስበኛል። አሜሪካኖች የሚጠጡት ወተት ለአሥርት ዓመታት ሲቀንስ የሚበሉት አይብ ጨምሯል። የወተት መዋጮው ድርጅት ዶሚኖስ 40 በመቶ ተጨማሪ አይብ ያለው ፒዛ እንዲያወጣ አግዟል። ያው ሚኒስቴር በአመጋገብ መመሪያው የጠገበ ስብ (አይብ ውስጥ የሚበዛውን የስብ ዓይነት) ቀንሱ ይላል!

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። «አንድ የመዋጮ ዶላር ይህን ያህል መለሰ» የሚሉ ሪፖርቶችን ሳነብ መጀመሪያ የማየው ማን እንዳስጠናቸው ነው። ብዙ ጊዜ ከፋዩ ራሱ መዋጮውን የሚሰበስበው ቦርድ ነው። ቁጥሩ ሽያጭ ነው ወይስ የገበሬው የተጣራ ትርፍ? ይህን ሳታጣራ ወረቀትህ ላይ እንዳታሰፍረው።