ልጄ መጠየቅ አቆመች

«ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ‹ለምን› ማለት አይታክታትም ነበር። ክፍል ውስጥ ‹በዜሮ ማካፈል ለምን አይቻልም?› ብላ ደጋግማ ስትጠይቅ ‹ትረብሻለች› ተብሎ ወላጅ ተጠራ። ባለቤቴም ‹ዝም አይነቅዝም› እያለ ይቆጣታል። እኔ ስከራከርላት እንጣላለን። አሁን ልጅቷ ጭራሽ ዝም ብላለች። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ያስጨነቀኝ ይህ ዝምታዋ ነው። ጨዋ የሆነች እንዳይመስልሽ። በመጠየቋ ትምህርት ቤትም ቤትም ተቆጧት። ይባስ ብሎ እናትና አባቷ ተጣሉ። ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለውን ቶሎ ይይዛል። «በእኔ ምክንያት ነው» ብላ ይሆናል።

ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር የምትነጋገሩት እሷ ከተኛች በኋላ ይሁን። በወቀሳ አትጀምሪ። እሱስ ልጅ ሆኖ ሲጠይቅ ምን ይሉት ነበር? እስቲ ያጫውትሽ። ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ሰው ሲያወራ ማቋረጥ ተገቢ አይደለም። ግን ተራ መጠበቅን ማስተማርና ጥያቄን መዝጋት ይለያያሉ።

ቤታችሁ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ልንገርሽ። በ1984 እ.ኤ.አ. ባርባራ ቲዛርድና ማርቲን ሂዩዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። የ4 ዓመት ሴት ልጆችን ንግግር ቤትም መዋዕለ ሕፃናትም ቀዱ። ቤት ውስጥ በሰዓት በአማካይ 26 ጥያቄ ይጠይቃሉ። መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ 2 ብቻ! ያንቺ ልጅ ከፍ ብትልም ነገሩ ያው ነው፤ ቤት ከተዘጋባት ሌላ ቦታ እንደልቧ መጠየቋን እጠራጠራለሁ።

የዜሮዋን ጥያቄ አባቷ ይመልስላት። አንቺ አይደለሽም፣ እሱ። 12 ፍሬ ባቄላ ጠረጴዛ ላይ ያድርግ። ሦስት ሦስት እያነሳች ትቁጠር፤ በ4 ጊዜ ያልቃል። ከዚያ «አሁን በየተራው ዜሮ አንሺ» ይበላት። ባቄላው እዚያው ነው፤ መቼም አያልቅም። መልሱን ራሷ ታገኘዋለች፤ አባቷም ጥያቄዋን እንዳልጠላው ታያለች። ሌላ ቀን የማያውቀውን ከጠየቀችው «እኔም አላውቀውም፣ አብረን እንፈልግ» ይበላት። ክብሩ አይነካም።

አስተማሪዋ ጋ ሁለታችሁም ሂዱ። ጥያቄዎቿን ደብተሯ ጀርባ ላይ እየጻፈች ከክፍል በኋላ እንድትጠይቅ ተስማሙ። ተማሪ ለሚበዛበት አስተማሪም ይቀላል።

ወዲያው ካልተናገረች አትደንግጪ፣ አታጣድፊያትም። ወር ሁለት ወር ቆይቶ ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ከጓደኞቿ ጋር መጫወትም ከተወች ግን ባለሙያ ጋ ውሰጃት። እኔም እንዴት እንደሆነች መስማት እፈልጋለሁ፤ ጻፊልኝ።