እናትዎ ያለ ጠበቃ መናዘዝ ይችላሉ፤ አራቱን ምስክሮች ግን በአንድ ጊዜ ያሰባስቡ

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን የሚኖሩት እናትዎ ማንበብና መጻፍ እንደማይችሉ ገልጸው፣ ለጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ ሳይኖር ስለ ቤታቸው የሚያደርጉት ኑዛዜ በፍርድ ቤት ይጸና እንደሆነ ጠይቀዋል። ይጸናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በጠበቃ ይዘጋጅ የሚል አንቀጽ የለውም። ይህን በድፍረት የምነግርዎ በአባታችን ኑዛዜ ተጎድተን፣ በእናታችን ኑዛዜ ደግሞ ተሳክቶልን ስላየነው ነው።

አንደኛ፣ በራስ እጅ የሚጻፈው ኑዛዜ ለእናትዎ አይሆንም። የቃል ኑዛዜም ሞት ሲቃረብ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ልጆች አሳዳጊና ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ የሚነገር ስለሆነ ለቤት አያገለግልም። የሚቀረው በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ነው። እርሳቸው እየተናገሩ ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ ከዚያም በእርሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በዚያው ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ሁሉም ወዲያውኑ ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያኖራሉ። አንቀጹ 881 ነው።

ሁለተኛው የምስክሮቹ ጉዳይ ሲሆን፣ እኛን ያቃጠለን እርሱ ስለሆነ በአንድ መስመር ላልፈው አልችልም። አባታችን መኖሪያ ቤቱን ላስታመመቻቸው ታናሽ እህቴ፣ ወፍጮ ቤቱንና የቀረውን ንብረት ለእኛ ለወንድሞቿ ተናዘዙ። ጽሑፉን ያዘጋጀው በፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። ገንዘቡን ተቀብሎ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ከጻፈው በኋላ «ምስክሮቹን በየቤታቸው እየዞራችሁ አስፈርሙ» ብሎ ላከን። አንዱ ከዕድር ሲመለስ፣ ሌላው ከገበያ ሲገባ፣ ሦስተኛው በደጁ ቆሞ ፈረመ። በወረቀቱም ላይ መነበቡን የሚገልጽ ቃል አልሰፈረም። አባታችን ካረፉ በኋላ ከሌላ እናት የተወለደው ወንድማችን ኑዛዜውን ተቃወመ። ምስክሮቹ ቀርበው ሲጠየቁ፣ ፊርማው የእነርሱ መሆኑን፣ ነገር ግን ሲነበብ አለመስማታቸውን፣ አንድ ላይም አለመገኘታቸውን መሰከሩ። እውነቱን ነው የተናገሩት፤ አልቀየምኳቸውም። ኑዛዜው ፈረሰ፤ ንብረቱም ያለ ኑዛዜ እንደሚወረስ ተቆጥሮ ለልጆች ሁሉ እኩል ተደለደለ። ቤቱ በዓይነት ሊካፈል ስለማይችል ተሸጠ። አባቷን በዚያ የደብረ ብርሃን ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ ያስታመመች እህቴ ዛሬ በኪራይ ቤት ትኖራለች። ያ ጸሐፊ ግን እስከ ዛሬ ለሰው ኑዛዜ ይጽፋል፤ ይህን ሳስብ እጅግ ይመረኛል።

ስለዚህ በእናታችን ኑዛዜ መጨረሻ በገዛ እጄ ያሰፈርሁትን ቃል እንዳለ ይውሰዱት፦ «ይህ ኑዛዜ ተናዛዧና ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው አራት ምስክሮች በአንድነት በተገኘንበት ዛሬ … ቀን … ዓ.ም. ተነብቦልን፣ ተናዛዧም ቃሌ ነው ብለው አረጋግጠው፣ ሁላችንም ወዲያውኑ ፈርመናል።» ምስክሮቹ ለአካለ መጠን የደረሱ፣ የሚነበበውን የሚሰሙ፣ አማርኛ የሚያውቁና ከውርሱ ምንም የማያገኙ ይሁኑ። በዕድሜም ከእናትዎ የሚያንሱትን ይምረጡ፤ ምስክር ከተናዛዥ ቀድሞ ሲሞት አይተናልና። እኛ የዕድሩን ዳኛና የነፍስ አባታቸውን ጨምረን አራቱንም እናታችን ቤት አስቀምጠን፣ ጽሑፉ ተነቦ ሁሉም ፈርሞ እስኪያበቃ ማንም ከቤት እንዳይወጣ አደረግን።

ኑዛዜውን በአደራ ለማስቀመጥ የሄድንበት መሥሪያ ቤት የገጠመንን ደግሞ አስቀድመው ይወቁት። በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ ወረቀቱን ሳያነብ ገፍቶ መለሰልን፤ በዱላ ተደግፈው የቆሙትን እናቴንም «አንቺ ጠበቃ ይዘሽ ነይ» አላቸው። ልጆቻቸው እንኳ አንቱ የሚሏቸውን ሴት! እኔ ግን የሕጉን መጽሐፍ ይዤ ስለነበር ጠበቃ የሚያስገድደውን አንቀጽ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት፤ ሊያሳየኝ አልቻለም። ኃላፊው ሰምተው ወጡ፤ እናቴን ይቅርታ ጠይቀው ወንበር አስመጡላቸው፤ ሰነዱንም ተቀብለው ደረሰኝ ሰጡን። እናታችን ካረፉ በኋላ ያ ኑዛዜ በፍርድ ቤት ቀርቦ ጸንቷል። ሕግ ላልተማረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እኮራበታለሁ።

አባትዎ በሕይወት ካሉ እርሳቸው በሌላ ወረቀት ይናዘዙ፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ የሚያደርጉት ኑዛዜ ዋጋ የለውም። ቤቱ የጋራ ከሆነ እናትዎ ሊናዘዙ የሚችሉት የራሳቸውን ድርሻ ብቻ ነው። ከልጆቻቸው አንዱን ከውርስ ለመንቀል ከፈለጉም ስሙን በዝምታ ማለፍ አይበቃም፤ መንቀላቸውና በቂ የሆነው ምክንያት በግልጽ መጻፍ አለበት። በገጠር የእርሻ ይዞታ ካላቸው ደግሞ የይዞታው ውርስ በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ የሚመራ ስለሆነ፣ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቁ ከቤቱ ጋር አደባልቀው እንዳይጽፉት።