መልስ፦ ፍጥነት ሲጨምር የሚዘል የጀልባ አፍንጫ

በሰዓት 40 ማይል ስታልፍ የጀልባህ አፍንጫ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያስቸግርህ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተር ከጀልባው ወደ ውጭ ከልክ በላይ ስላዘነበለ ነው። ፕሮፔለሩን (ውሃውን የሚገፋውን ማራገቢያ) ለመቀየር አትቸኩል።

1. መዝለል ሲጀምር የትሪሙን፣ ማለትም የሞተሩን ዝንባሌ የሚለውጠውን፣ ቁልፍ ትንሽ ትንሽ እየነካህ ሞተሩን ወደ ጀልባው አስጠጋው። መዝለሉ ሲቆም ተወው።
2. ካልቆመ ፍጥነት ቀንስና ከኋላ ያለውን ጭነት ወደ ፊት አዛውር።

ቋሚ ልክ አትፈልግለት፤ እንደ ውሃውና እንደ ጭነቱ ይለያያል። እኔ የተማርሁት በመጀመሪያዋ ፈጣን ጀልባዬ ነው፤ 18 ጫማ ርዝመት፣ 150 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ንጋት ላይ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን አጠገብ የሚፈሰው ፖቶማክ ወንዝ ጸጥ ሲል ከዊልሰን ድልድይ በታች ወደ ማውንት ቨርነን እወርድ ነበር። ትሪሙ ልኩን ሲያገኝ ሆዷ ከውሃው ይላቀቃል፣ የሞተሩ ድምፅ ይቀጥናል፣ መሪው ይቀላል። ከሸጥኋት ዓመታት ቢያልፉም ያ ቅለት ዛሬም መዳፌ ላይ አለ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ወንድሜ። ሞተሩን በሙሉ ፍጥነት ላይ እያለህ እስከ መጨረሻው ወደ ጀልባው አታስጠጋው። እኔ እንዲህ አድርጌ አፍንጫዋ ውሃ ነከሰና በድንገት ዞረች፤ ከመቀመጫዬ ተወርውሬ ወንዙ ውስጥ ወደቅሁ። ያተረፈኝ ከመንሳፈፊያ ሰደርያዬ ጋር የታሰረው የሞተር ማጥፊያ ገመድ ነው፤ ነጂው ሲወድቅ ተስቦ ሞተሩን ያጠፋል። በአሜሪካ ከሚያዝያ 2021 ወዲህ ከ26 ጫማ በታች ለሆኑና ማጥፊያው ለተገጠመላቸው ጀልባዎች ሕጉም ያስገድዳል። የሞተር ማስነሻውን ቁልፍ ከማዞርህ በፊት ገመዱን እሰረው።