ቢኤ ይዞ ቀጥሎስ? ከጎንደር ተመራቂዎች ጋር ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አጠገብ ባለች ቡና ቤት ከወጣት ተመራቂዎች ጋር ተቀምጠን ነበር። ታሪክ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሶሺዮሎጂ የተማሩ ናቸው። ሁሉም «አሁን ምን ልማር?» ይላሉ። ጥያቄያቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ጥቂቱን እዚያው መለስኩ፤ ሲመሽብን የቀረውን ቤቴ ይዤ ሄድኩ። ሁሉንም እዚህ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ አማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው ፊሎሎጂ። በመካከሉ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አስተምሬያለሁ።

ጋሼ፣ በታሪክ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ። ሥራ የለም። ዝም ብዬ ማስተርስ ልግባ?

ዝም ብለሽማ አትግቢ፣ እህቴ። ቤት መዋል እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ። ግን ከሥራ ማጣት ለመሸሽ የተገባ ማስተርስ ሁለት ዓመት ይበላና እዚያው ቦታ ይመልስሻል። መጀመሪያ ይህን አድርጊ። ለአንድ ወር የሥራ ማስታወቂያ ተከታተዪ፤ ፒያሳ የሚለጠፈውንም በቴሌግራም የሚወጣውንም። «ይህን ባገኝ ጠዋት በደስታ ነበር የምነሣው» የምትያቸውን አሥር ብቻ ደብተር ላይ ገልብጪ። ከእያንዳንዱ ጎን የሚጠይቀውን የትምህርት ዓይነት፣ ደረጃና የሥራ ልምድ ጻፊ። አብዛኞቹ ማስተርስ ካሉ ተማሪ። «ዲግሪና አራት ዓመት ልምድ» ካሉ ግን ማስተርሱ በሩን አይከፍትልሽም፤ በትንሽ ደመወዝም ቢሆን ሥራ መጀመሩ ይቀድማል።

ደብተርሽ ላይ ሙዚየም፣ ቅርስና ቤተ መዛግብት ከበዙ ደግሞ ከታሪክ ይልቅ አርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ይቀርብሻል። ፋሲል ግቢ እንደ ፈረንጆቹ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ማዶ ቆመን እንኮራበታለን። ድንጋዩን፣ ኖራውንና ታሪኩን አጥንቶ የሚመዘግብ የከተማችን ልጅ ግን ገና ብዙ ያስፈልጋል።

የመግቢያ ፈተናው ላይ ሒሳብ አለ ይባላል። እኔ ሒሳብ ከፍሬሽማን ወዲህ አላየሁም።

አለ። «ጋት» የምንለው የትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው፤ የቋንቋ፣ የቁጥርና የአመክንዮ ጥያቄዎች አሉበት። ፐርሰንት፣ ንጽጽር፣ አማካይ፣ ሠንጠረዥ ማንበብ ላይ አተኩር። ቤትህ ያለ የታናሽ ወንድምህን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ አውጣ። በቀን አርባ ደቂቃ፣ ሁለት ወር። ሰዓት ይዘህ ሥራ፤ ብዙ ልጆች የሚወድቁት ሳያውቁ ቀርተው ሳይሆን ጊዜ አልቆባቸው ነው። «ጥያቄው እጃችን ገብቷል» ብሎ ብር የሚጠይቅ ቻናል ካየህ ቶሎ ውጣ።

ፒጂዲቲ እና ማስተርስ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ፒጂዲቲ የመምህርነት የሙያ ዲፕሎማ ነው፤ አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። የመጀመሪያ ዲግሪ ኖሮህ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ከፈለግህ የሚያስፈልግህ እሱ ነው። ትምህርት ቤት ገብተህ የምትለማመድበት ጊዜም አለው። ያንን ጊዜ አትናቀው። እኔ ክፍል ፊት መቆም እንደምወድ ያወቅሁት ስልሳ ተማሪ ፊት ለፊት ስቆም ነው። አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ይህ ሥራ ለእሱ እንዳልሆነ ገባው። ሁለታችንም ተጠቀምን።

ሁሉም ሰው ኤምቢኤ (የንግድ አስተዳደር ማስተርስ) ግባ ይለኛል። በሥነ ጽሑፍ ተመርቄ ልግባ?

ለምን እንደምትገባ ከነገርከኝ እሺ። የቤተሰብህን ሱቅ ልታሳድግ ከሆነ፣ ድርጅት ውስጥ ተቀጥረህ ወደ አስተዳደር ልትወጣ ከሆነ ጥሩ ነው። «ሁሉም ሰው ስላለኝ» ግን በቂ ምክንያት አይደለም።

አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። የእኔው ታናሽ እህት ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ኮሌጅ ገብታ ዓመት ተኩል ተማረች። ብር በየተርሙ ከፈለች። በኋላ ሲታይ ኮሌጁ ፈቃድ ያለው ለሌላ ቅርንጫፉ ነበር። እሷ የተቀመጠችበት ክፍል ፈቃድ አልነበረውም። ያ ዓመት ተኩል አልተመለሰም። እኔም አንባቢ ነኝ ባይ ወንድሟ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላጣራሁላትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ እባካችሁ፣ አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ አጣሩ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፈቃዱ ለዚህ የትምህርት ዓይነት ነው? ለዚህ ደረጃ ነው? ለዚህ ቅርንጫፍ ነው? አንዱ ከጎደለ ይቅር።

እስከ ቅኔ ድረስ የአብነት ትምህርት ተምሬያለሁ፤ ከዚያ በአማርኛ ዲግሪ ያዝኩ። ግእዝ ምን ይጠቅመኛል?

ወንድሜ፣ ከወረቀቶቹ ሁሉ የአንተ ልቤን ሞላው።

አንተ ሌላው ዓለም ሁለት ሦስት ዓመት ወስዶ የሚጀምረውን ይዘህ ነው የመጣኸው። ፊሎሎጂ የሚባለው ትምህርት የብራና ጽሑፎችን የሚያጠና ነው፤ ማን ጻፈው፣ መቼ ተገለበጠ፣ የትኛው ቅጂ ከየትኛው ወጣ፣ ገልባጩ የት ተሳሳተ እያለ ይመረምራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳንና የፊሎሎጂ ክፍል አለው። በዚያው ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ደግሞ ሰፊ የብራና ስብስብ ይዟል። ውጭ ከሆነ ጀርመን ሃምቡርግ አለ። እዚያ ያለው የኢትዮጵያና ኤርትራ ጥናት ማዕከል በጀርመናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ ነው። ሉዶልፍ አማርኛ የተማረው፣ ግእዙንም ያጠናከረው ከእኛው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በዐፄ ፋሲል ዘመን ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) ሲባረሩ አብረው አገር ለቀው የወጡ ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ1652 ጀርመን ድረስ ሄደው ከሉዶልፍ ጋር ሠሩ። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ቅኔ ቤት የተማረ ልጅ ዛሬ ሃምቡርግ ቢያመለክት እንግዳ ነገር ለመጠየቅ አይደለም የሚሄደው።

ሥራውስ? ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት አሰባስበው መቅደላ ያስገቧቸውን መጻሕፍት አስብ። እንደ ፈረንጆቹ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ይዟቸው ሄደ፤ ዛሬ ብዙዎቹ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። እዚህም በየደብሩ ዕቃ ቤት ያልተመዘገበ ብራና ሞልቷል። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ይገኛል። አንብቦ ይህ ገድል ነው፣ ይህ ድርሳን ነው፣ ኅዳጉ ላይ ያለው ደግሞ የመሬት ውል ነው የሚል ሰው ነው የጎደለው። ያ ሰው አንተ ልትሆን ትችላለህ።

ሁለት ነገር ግን ይጎድልሃል፤ ሳልደብቅ ልንገርህ። አንደኛ እንግሊዝኛህን አጠንክር፤ ብዙው ጥናት የተጻፈው በእሱ ነው። ሁለተኛ ቅኔ ቤት የተማርከውን ንባብ በዩኒቨርሲቲው መንገድ ማስረዳት ልመድ። «የኔታ እንዲህ ብለውኛል» ቴሲስ ላይ ብቻውን አይበቃም። የኔታን እንደ መረጃ ሰጪ ጥቀሳቸው፤ ክብራቸውንም ትጠብቃለህ፣ ሥራህም ይቆማል።

ውጭ አገር ስኮላርሽፕ ለሶሻል ተማሪ አለ ወይስ ለኢንጂነር ብቻ ነው?

አለ፣ ብዙ አለ። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለውን የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሽፕ ተመልከቺ። በሥነ ጽሑፍ፣ በቅርስ፣ በስደት ጥናት፣ በጋዜጠኝነት የተከፈቱ ፕሮግራሞች አሉት። ቢያንስ በሁለት አገር ትማሪያለሽ። ስኮላርሽፑን ካገኘሽ የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፤ በወር 1,400 ዩሮ መኖሪያ ይሰጣል። ማመልከቻው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ደግሞ የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ ግን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሁለት ዓመት ያህል ማለት ነው። ሲጨርሱ አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየትም ግዴታ ነው። ገና ከተመረቅሽ እሱን ለኋላ አቆዪው።

አይኤልትስን (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን) ቶሎ አትፈተኚ። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ብዙ ልጆች ተቻኩለው ተፈትነው ሳይጠቀሙበት አልፎባቸዋል። የድጋፍ ደብዳቤ የምትጠይቂውን መምህር ከወር በፊት አናግሪ። የማመልከቻ ጽሑፍሽንም አብረሽ ስጪው፤ ምን እንደሚጽፍልሽ ይያዝ። ጽሑፍሽ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብለሽ አትጀምሪ። አዘዞ ላይ ያየሽውን አንድ ነገር ጻፊ።

ውጤቴ 2.4 ነው። አበቃልኝ?

አላበቃልህም። ግን አንዳንድ በር ዛሬ አይከፈትም። ማስታወቂያው ዝቅተኛ ነጥብ ከጻፈ አትለማመጥ፣ ጊዜህንም አታባክን። ነጥብ በማይጠይቀው ላይ በመግቢያ ፈተናው ብልጫ አምጣ። ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራህ በኋላ የምታመለክተው ሰው ዛሬ ከምታመለክተው ሰው ይለያል።

ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ወረቀት) ብቻ ነው ያለኝ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከየት ላምጣ?

የወጪ መጋራት ዕዳህን ጨርሰሃል? ስትገባ የፈረምካት ውል ናት። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዝህ እሷው ናት። ሬጅስትራር ሄደህ ቀሪህ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበል። በመምህርነትና በመሰሉ ሙያዎች በአገልግሎት የሚከፈልበት አሠራርም ስላለ ውልህን አንብብ። ማመልከቻ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው አትጀምር።

ሶሺዮሎጂ ተምሬ ጤና ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። እብደት ነው?

የጎንደር ልጅ ሆነሽ እንዴት እብደት ይሆናል! ዩኒቨርሲቲያችን የተጀመረው በ1947 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው፤ ያኔ ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ መትቶት ነበር። ወባን ደግሞ መድኃኒት ብቻ አያቆመውም። ሰው አጎበሩን ለምን እንደማይሰቅል፣ ለምን ዘግይቶ ጤና ጣቢያ እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ያ የአንቺ ሙያ ነው። የሕዝብ ጤና ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ የጤና ዲግሪ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በየማስታወቂያው «ተፈላጊ ዲግሪ» የሚለውን መስመር በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢ። ካልሆነ ሶሻል ወርክ ወይም የራስሽ ሶሺዮሎጂ፣ ቴሲስሽ ጤና ላይ። ያም መንገድ ያደርሳል።

ኮምፒውተር ልማር ወይስ ዘገየሁ?

አልዘገየህም። ከ2016 ጀምሮ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባል ነጻ የኦንላይን ሥልጠና አለ። ፕሮግራሚንግና ዳታ ይሰጣል። ማስተርስ ከመመዝገብህ በፊት እሱን ሞክር። ከወደድከው የቋንቋ ዕውቀትህ አይጠፋም። አማርኛን ለኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ሰዋስው ማወቅ አለበት።

ከደንቢያ አንድ አባት በልጃቸው እጅ የላኩት፦ «ልጄ በአማርኛ ተመርቆ ሁለተኛ ዲግሪ ካልተማርኩ ይላል። በሬ ልሽጥለት?»

አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሬውን አይሽጡ። እርስዎ ከድካምዎ ላይ ከፍለው ሊያስተምሩት ማሰብዎ ለልጁ ትልቅ ሀብት ነው። ግን የዘንድሮን እርሻ ለዚህ አያቁሙ። መጀመሪያ ፒጂዲቲውን ይማርና መምህርነት ይቀጠር። መምህር ከሆነ በኋላ በክረምት የሚሰጥ ማስተርስ አለ፤ ደመወዙ ሳይቋረጥ ይማራል። የሚሠራበት ቢሮ ስፖንሰር የሚያደርግበት ዕድልም አለ። በራሱ ቢከፍል እንኳ ክፍያው በየተርሙ ነው፤ ከደመወዙ ይችለዋል።

ልጅዎ በሚመጣው ቅዳሜ ማራኪ ይምጣ። ትራንስክሪፕቱን ይያዝ። ከላይ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ እንዳልኩት አሥር የሥራ ማስታወቂያ የገለበጠበትን ደብተርም ይዞ ይምጣ፤ አብረን እናየዋለን።