ግሬፕ «ፀሐይ»ን ለምን ይዘላል?

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በአማርኛ ጽሑፍ ፋይሎችህ ውስጥ «ፀሐይ»ን በግሬፕ (በፋይሎች ውስጥ ቃል በሚፈልገው ትዕዛዝ) ስትፈልግ ግማሹ አይመጣልህም። ሁለተኛ፣ የተገኙትን ፋይሎች ወደ ሌላ ፎልደር የሚገለብጠው ስክሪፕትህ (የትዕዛዞች ዝርዝር ፋይልህ) መሃል ላይ ስህተት ያወጣል። ሁለቱም እኔንም ብዙ ማታ አስመሽተውኛል።

ግሬፕ ቃሉን በድምፁ አያውቀውም፤ ፊደል ለፊደል ነው የሚያመሳክረው። ለእኛ ፀ እና ጸ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን የሀ እና የመ ያህል ይራራቃሉ። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሃይ»። ትልቅና ትንሽ ፊደል የማይለየው የግሬፕ አማራጭ «-አይ» እዚህ ምንም አይሠራም፤ ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውማ። የሚያዋጣው የማዕዘን ቅንፍ ነው፦

'[ፀጸ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ'

እያንዳንዱ ቅንፍ «ከእነዚህ አንዱ ፊደል» ማለት ነው። የዳርና ዳሩን ነጠላ ጥቅስ እንዳትተው። መስመርህን ከግሬፕ ቀድሞ የሚያነበው ሼሉ፣ ማለትም ትዕዛዝህን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም ነው። ቅንፍና ኮከብ ካየ የፋይል ስም መስሎት ሊተረጉመው ይሞክራል። ጥቅስ ሳታደርግ አንዳንዴ ይሠራልሃል፤ ያ ግን በዚያ ፎልደር ውስጥ የሚገጥም ስም ስለሌለ ብቻ ነው። ነገ ሌላ ፎልደር ውስጥ ይበላሽብሃል።

የኮምፒውተርህን የቋንቋና የፊደል ቅንብር የሚያሳየውን «ሎኬል» የሚለውን ትዕዛዝም አስኪድና ቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የሚጽፍ የዩኒኮድ አሠራር) መሆኑን አረጋግጥ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ሎኬልህ «ሲ» የሚባለው መነሻ ቅንብር ከሆነ ቅንፉ ፊደል ሳይሆን ባይት ይቆጥርና ውጤቱ ይዛባል።

የዎርድ ፋይሎች ካሉህ መጀመሪያ ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይራቸው። ዶክኤክስ የታመቀ ዚፕ ስለሆነ ግሬፕ ውስጡን አያይም። ግዕዝ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑ የድሮ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ውስጡ የላቲን ፊደል ነው። እሱን መጀመሪያ በመቀየሪያ ካላሳለፍከው የፈለግከውን ብትጽፍ አይገኝም።

አሁን ወደ ስክሪፕቱ። የግሬፕን ውጤት በዶላርና በክብ ቅንፍ ይዘህ አንድ በአንድ እየወሰደ ለሚሠራው ፎር ሉፕ ሰጥተኸዋል። ችግሩ እዚያ ነው። ሼሉ ውጤቱን ክፍት ቦታ ባየበት ሁሉ ይቆርጠዋል። «የመስከረም ዜና» የሚል ስም ሁለት ፋይል ይሆናል፤ ሁለቱም የሉም። በሊኑክስ ላይ ለግሬፕ በየፎልደሩ ገብቶ በሚፈልገው «-አር» እና የፋይል ስም ብቻ በሚያወጣው «-ኤል» ላይ ትልቁን «-ዜድ» ጨምርለት። ስሞቹን በዜሮ ባይት ይለያቸዋል፤ ዜሮ ባይት ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ መግባት አይችልም። ውጤቱን በፓይፕ (የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ቀጥ ያለ መስመር) ስሞቹን ለሌላ ትዕዛዝ ወደሚሰጠው «ኤክስአርግስ -0» አሳልፍና ከዚያ የሚገለብጠው «ሲፒ -ቲ» እና መድረሻ ፎልደሩ ይከተሉ። መድረሻው ከምትፈልግበት ፎልደር ውጭ ይሁን፤ ካልሆነ ቅጂዎቹም በሚቀጥለው ፍለጋ ይመጡብሃል።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ አንድ ጊዜ በሲፒ ፋንታ ፋይሉን ራሱን የሚያዛውረውን ኤምቪ ተጠቅሜ ነበር። በየፎልደሩ «ማስታወሻ» የሚባል ፋይል ነበረ። አንዱ በአንዱ ላይ እየተጻፈ የመጨረሻው ብቻ ቀረ። የሦስት ወር ቃለ መጠይቅ ጽሑፍ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሲፒ ፊት ትዕዛዙን ሳያስኬድ የሚያሳይህን «ኤኮ» አስገባና ምን ሊሠራ እንደሆነ በዓይንህ እይ። ሲፒ ላይም «--ባክአፕ=ነምበርድ» ጨምር፤ ስም ሲደገም የቀደመውን በቁጥር ያስቀምጥልሃል።

ቅንፉን አስገብተህም የሚቀር ፋይል ካለ፣ ሎኬል ያወጣውንና ካልተገኙት ፋይሎች አንዱን እዚህ ለጥፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።