ለካምፕ ያገለገለ ድስት ስንገዛ ምን እንይ ላልከው

«ለአምስት ሆነን ወንጪ ሁለት ሌሊት ልናድር ነው። አዲስ የካምፕ ዕቃ ኪስ ይጎዳል። ያገለገለ ብንገዛ ምን እንይ?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ እኔ ይህን የተማርኩት ሽሮ አሳርሬ ነው።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቼ የሚያብለጨልጭ ድስት አየሁና በቅጡ ሳልከራከር ገዛሁ። ቀላል ነው፣ ለሸክም ይመቻል ብዬ። እንጦጦ ላይ እንጨት አንድደን ሽሮ ጣድንበት። ላዩ ገና ሳይፈላ ሥሩ አረረ። ይባስ ብሎ የፕላስቲክ እጀታው ቀለጠ። እራታችን ዳቦ በሙዝ ሆነ።

ስለዚህ መጀመሪያ የድስቱን ቂጥ እይ (ይቅርታ፣ ሌላ ስም የለውም)። መሃሉን በአውራ ጣትህ ተጫነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተወው። እጀታው ብረት ይሁን፣ ብሎኑም አይነቃነቅ።

እኔ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ኪሴ ይዤ ነው የምሄደው። አልሙኒየም ነው ያሉህን ማግኔት ከሳበው ቅብ ብረት ነው። ዚንክ የተነከረ ቆርቆሮ ለባልዲ እንጂ ለወጥ አይሆንም። ሎሚና ቲማቲም ሲነካው ዚንኩ ምግቡ ውስጥ ይሟሟል። ከቁርጥራጭ ቀልጦ የተሠራውን ወፍራም አልሙኒየም ድስት ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ ትቼዋለሁ። ምን አብሮ እንደቀለጠ አይታወቅም፣ እርሳስም ሊኖርበት ይችላል።

አንድ ሃይላንድ ውሃም ያዝ። ሻጩ ቢስቅብህም ድስቱ ውስጥ ጨምርና ደረቅ ካርቶን ላይ አስቀምጠው። የሚያፈስ ከሆነ ካርቶኑ ይነግርሃል።

ምርጡን ዕቃ ያገኘሁት ግን መርካቶ አይደለም። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አንድ ምግብ ቤት ዕቃውን እያወጣ ደረስኩ። ሁለት ወፍራም የስቲል ድስት ገዛሁ፣ ትንሹ ትልቁ ውስጥ ግጥም ብሎ ይገባል። እስካሁን ያሉኝ እነሱ ናቸው። ቤት የሚለቅ ወይም የሚዘጋ ምግብ ቤት ካለ ጠጋ ብለህ ጠይቅ። ለአምስት ሰው አንድ የ5 ሊትር፣ አንድ የ3 ሊትር ይበቃል። ሙሉውን የድስት ስብስብ ግዛ ቢሉህ እንዳትሰማ።

ክዳን የሌለው ድስት በነፃም ቢሰጡህ አትውሰድ። ወንጪ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ምስሩ እዚህ ከሚፈጅበት ጊዜ በላይ ይፈጃል። ክዳኑ ካልገጠመ እንጨቱ ያልቃል፣ ምስሩ አይበስልም።

ኮዳ ከገዛህ ቡሹን ክፈትና አሽትት። ጋዝ የተቀመጠበት ፕላስቲክ ምን ቢታጠብ ሽታው አይለቅም።

ከመጣድህ በፊት የድስቱን ጀርባ በእርጥብ ሳሙና ለቅልቀው። ጥቀርሻው በውሃ ይለቃል። እናቴ ጭቃ ነበር የምትቀባው፣ ሳሙና ይቀላል።

ጀበና ግን አትግዛ፣ ከቤት ውሰድ። በፎጣ ጠቅልለህ ድስቱ ውስጥ ክተተው። እኔ የእናቴን ሳልጠቀልል ወስጄ አፉን ሸርፌባት፣ ይኸው ቡና በተፈላ ቁጥር ታነሳብኛለች።